ለይበልጣል ማን ያልቅስ

ወንድሜ ይበልጣል ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሞተ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የእድራችን ዳኛ አቶ ፈንታሁን ድንኳኑን አስተክሎ፣ ወንበሩን አስደርድሮ፣ ቅጹን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ ማስተዋል፣ እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። «እታለም ነገ በሰባት ሰዓት ትጀምራለች፤ ቀብሩ በዘጠኝ ነው። ይሄን ዛሬውኑ ሞልተን ካልላክን ወረፋችን ያልፋል።»

እታለም ሰው አይደለችም። በዚህ በ2071 ዓ.ም. በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት፤ እዚህ ደጀንም፣ ማርቆስም፣ ከዓባይ ማዶም። ድንኳን ሲተከል ድምፅ ማጉያዋ ይሰቀላል፣ ስለ ሟቹ የተሞላው ቅጽ ይላክላታል፣ በቀጠሮዋ ሰዓት ታለቅሳለች። አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ስሙን ያወጣላት የድምፅ ቅርስ ጽሕፈት ቤት ነው፤ እንደ ታላቅ እህት እንድትታይ ብለው ነው መሰለኝ። ድምፅዋ ግን የእኔ ነው። የሃያ አምስት ዓመቷ የእኔ።

ቅጹ አርባ ሁለት ጥያቄ አለው። ፈንታሁን መነጽሩን አድርጎ እያነበበ ይጠይቀኛል፤ ስክሪኑን እንደ መጽሐፍ ገጽ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ይነካዋል። ሟች ደግ ነበሩ? «ደግ» እና «እጅግ ደግ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሟች በምን ይታወቃሉ? ለጋስነት፣ ታታሪነት፣ ጀግንነት፣ አማኝነት፤ ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል።

«ታታሪ ልበለው» አለ ፈንታሁን።

«ማንን? ይበልጣልን?»

«ምን ላድርግ እትዬ? ሰነፍ የሚል የለውም። ባዶ ከተውሁት ደግሞ አይቀበለኝም።»

በዚህ ሁኔታ ወንድሜ ታታሪ ሆነ።

እኔ አልቃሽ በነበርሁበት ዘመን ቅጽ የለም። ሰው ሞተ ሲሉኝ ወደ ሟቹ ቤት እሄድና መጀመሪያ የምጠይቀው ከሟቹ ጋር ተጣልተው የነበሩትን ነው። የሚወዱት ሰዎች ያው ይታወቃሉ፣ ሁሉም መልአክ ነበር ይላሉ። የተጣላው ግን አንገቱን ደፍቶ «እንዲያው ክፉ እንኳ አልነበረም፣ ግትር ነበር እንጂ» ይላል። ሙሾዬን የምጀምረው ከዚያች «ግትር ነበር» ነው። ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ ሟቹ ትዝ ይለዋል፣ ያን ጊዜ ለቅሶው ይመጣል። እታለም ይህን አታደርግም። እሷ የምታለቅሰው በቅጹ ነው።

ይበልጣል ሞተር ጠጋኝ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ በሽታውን ይናገራል። ከፍቶ ዕቃውን ያወጣል፣ ጨርቅ ላይ ይደረድረዋል፣ ከዚያ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ይሄዳል። ነገ የምትባለዋ ቀን ለእሱ መጥታ አታውቅም። ዛሬም በሰፈራችን አሥራ አንድ ቤት ውስጥ እሱ የከፈተው ሞተር ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። ማንም ሌላ ጠጋኝ አልጠራም፣ ይበልጣል ቅር ይለዋል ተብሎ። ይህን ያህል ይወደድ ነበር።

ከመሞቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሾርባ ሳጠጣው እጄን ያዘኝ።

«ማስቴ፣ ያቺ ማሽን እንዳትዋሽብኝ» አለኝ። «አንቺው አልቅሺልኝ። ስንፍናዬን ተናገሪ፤ ሰው ይሳቅና ከዚያ ያልቅስ። ድሮ እንደምታደርጊው።»

እሺ አልሁት። እንዴት እንደማደርገው አላሰብሁበትም።

እኔ አፌን ከዘጋሁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። እታለም ሥራ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ እሷን የሚመስል ዜማ ማውጣት ክልክል ነው። ከአርባ በመቶ በላይ ከመሰለ ቅርስ ማዛባት ይባላል። ሌላውን ሰው ብዙም አይነካውም፤ ማን እሷን ይመስላል? የምመስላት እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤቱ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሰሚ መሣሪያ ሌላ ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይኖራል፤ እኔ ቤት ግን ሥራ አይፈታም። ዕቃ ሳጥብ ሳላውቀው ዜማ ካመለጠኝ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እንደ ጨዋ ሽማግሌ፣ አንዴ፣ በቀስታ። እኔም ዝም እላለሁ። ልጅ ማባበል ትቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ጎረቤቶቼ ማስተዋል ጭምት ሆነች፣ ዕድሜ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ላይ እበሳጭ ነበር። ኋላ ለመድሁት፤ አሁን የሚያስፈራኝ መልመዴ ነው።

ድንኳን ውስጥ ሲሆን ሕጉ ይከብዳል። ሰሚው ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ከጠረገ ድንኳኑ ይታሸጋል፣ እድሩም ለስድስት ወር እታለምን አያገኝም። በስድስት ወር ውስጥ የሚሞት ሁሉ በዝምታ ይቀበራል ማለት ነው። ሙሾ ማውረድ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። እናቶቹ አልፈዋል፣ ልጆቹ አልተማሩም። ምን ብለው ይማሩ?

ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ነበርሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ የመንደሯን ዘፈን ለመዝፈን ፈቃድ ስትጠይቅ ሰማሁ። ዘፈኑ በሌላ ወረዳ ስም ተመዝግቧል ተባለች። «እዚያው ወረዳ ሄጄ ልዳራት?» ብላ ወጣች።

ያስተናገደኝ ናሆም የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ጨዋ ሰው ነው። ጥቁር ልብሴን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

«ጥናቱን ይስጥዎት እማማ። ምን ልታዘዝ?»

«ለወንድሜ ላለቅስ ነው። ፈቃድ ስጠኝ።»

«እታለም አልተመዘገበችልዎትም?»

«ተመዝግባለች። እኔ ራሴ ነኝ የማለቅሰው።»

ስሜን ጻፈና ስክሪኑን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ተመልሶ ስክሪኑን አየ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ ፊቱ በርቶ። «እናቴ ያረፈች ጊዜ እኮ እታለም ናት… ያ ድምፅ…» አፈረና ተወው።

«እንግዲያው ድምፁ የእኔ መሆኑን ታውቃለህ።»

«እኔማ አውቃለሁ። መዝገቡ ነው የማያውቀው።»

መዝገቡን ከፍቶ አሰማኝ። የሠላሳ ሰባት ዓመት ቅጂ ነው። ያኔ መቅረጫ የያዙ ሰዎች ለቅርስ ጥበቃ ብለው መንደራችን መጥተው፣ ግቢያችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሙሾ አወረድሁላቸው። ምሳ አብልተን ሸኘናቸው። ከቅጂው መጀመሪያ የወጣው የጠያቂው ድምፅ ነው፦ «ይህ ሙሾ የማን ነው? የገጠመው ማን ነው?» ቀጥሎ የእኔ ሳቅ። «ኧረ የእኔ አይደለም! የእናት የአባት ነው። እኔ ተሸካሚ ነኝ እንጂ ምን አውቄ!»

ይህን ያልሁት ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ሥርዓት ነው። በእኛ ዘንድ አልቃሽ ሙሾን የእኔ አትልም። የእኔ ማለት ሞትን ወደ ቤት መጥራት ነው ተብሎ ይፈራል፤ ደግሞም በሰው ሐዘን መኩራት ነውር ነው። እናቴ ብትጠየቅ ይህንኑ ትል ነበር፣ የእሷም እናት ይህንኑ። እያንዳንዷን ቃል ግን አውጥቼ አውርጄ የገጠምኋት እኔ ነኝ። ጠያቂው የጻፈው አፌ ያለውን ነው፦ ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለውን ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ በእታለም ስም አስገባው።

ቅጂው አላለቀም ነበር። ከጀርባ አንድ ጎረምሳ ጮኸ። «ውሸቷን ነው! እሷው ናት የምትገጥመው! ትናንት ስትገጥም ሰምቻታለሁ!» ከዚያ የእኔ ድምፅ በቁጣ፦ «ዝም በል አንተ!»

ይበልጣል ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ።

«ይህ ሁለተኛው ድምፅ ምስክር ይሆን ነበር» አለ ናሆም ቅጂውን አቁሞ። «የተናጋሪው ማንነት ግን አልተመዘገበም።»

«ወንድሜ ነው።»

«ይገባኛል። ግን እሱ ራሱ ቀርቦ ‹ይህ የእኔ ድምፅ ነው› ማለት ነበረበት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እርስዎ ሲያመለክቱ መጥሪያ ልከንለታል፤ ይኸው እዚህ አለ። ስድስት ጊዜ ደጋግመናል።»

መጥሪያውን አውቀዋለሁ። ይበልጣል ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። «ነገ አብረን እንሄዳለን» ይለኛል። እኔም ሻሼን አስሬ፣ በር ላይ ቆሜ የጠበቅሁት ቀን ስንት ነው! መንገድ ላይ የተበላሸ ሞተር ያገኛል፣ እሱን ይከፍታል፣ ይመሻል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። እዚያ ወንበር ላይ የተናደድሁበትን ያህል በሕይወት ሳለ ተናድጄበት አላውቅም። ንዴቱ ሳይወጣልኝ ደግሞ ናፈቀኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚቀበረው» አልሁት።

«ጥናቱን ይስጥዎት።»

አንድ መንገድ ብቻ አለ አለኝ። የእታለም ተማሪ ሆኜ ከተመዘገብሁ፣ ለአንድ ቀን፣ ለሦስት ግጥም ያህል፣ እስከ ስድሳ በመቶ መምሰል ይፈቀድልኛል። ወረቀቱን አነበበልኝ። «እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው፣ የሙሾን ሙያ ከእታለም መማሬን፣ ከእርሷ በፊት የራሴ የምለው ዜማም ሆነ ግጥም እንዳልነበረኝ አረጋግጣለሁ።»

«ይሄን ከፈረሙ በኋላ ተመልሶ የእኔ ነው ማለት አይቻልም» አለ፤ ዓይኔን አላየኝም። «ሳልነግርዎት ቢፈርሙ ደስ አይለኝም።»

«ካልፈረምሁስ የእኔ ነው ማለት ይቻላል?»

«አይ፣ ካልፈረሙም አይቻልም።»

ምስክሬ እቤት ተገንዞ ተኝቷል። የቀረኝ ሦስት ግጥም ነው። ጣቴን ሰጠሁት፣ አስነካው፣ የእታለም ተማሪ ሆንሁ።

ከዚያ ለካኝ። አንዲት መስመር በለሆሳስ አልሁ፤ ስክሪኑ ላይ ዘጠና ሰባት ወጣ።

«ትንሽ መለወጥ አለብዎት እማማ።»

«ወደ ምን?»

«ወደ… ወደ ሌላ ሰው።»

በሩን ዘጋና ራሱ ያሳየኝ ጀመር። ድምፁን አወፍሮ፣ የዜማውን ጫፍ ቆረጥ እያደረገ፣ በዚያ በተተኮሰ ሸሚዙ ሙሾ ሲያወርድ ሐዘኔን አስረስቶ ሊያስቀኝ ነበር። ልቡ ደግ ነው። እኔ የት ላይ እንደምተነፍስ ከእታለም ሰምቶ ያውቃል፤ እዚያ ላይ እንዳልተነፍስ አስተማረኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሃምሳ ስምንት ደረስሁ። ናሆም አጨበጨበልኝ።

በሰባት ሰዓት ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሰሚው መሀል ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፣ ከጎኑ የእታለም ድምፅ ማጉያ። አስከሬኑ ከመግቢያው ፊት ለፊት ቃሬዛ ላይ ነው። ፈንታሁን ፈቃዴን ሦስት ጊዜ አነበበውና «አደራሽን እትዬ፣ አደራሽን» አለኝ። ላቡን በመሐረቡ ይጠርጋል። የይበልጣል ልጅ ዙፋን እጄን ጭምቅ አድርጋ ለቀቀችኝ። ተነሳሁ።

«የከፈተው ሞተር በየቤቱ ቀርቶ፣
ወዴት ሄደ በሉኝ መፍቻውን ረስቶ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ይበልጣል የፈለገው ይህንን ነው። ዙፋንም እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ናሆም ያስተማረኝ በሙሉ ከራሴ ወጥቶ ጠፋና በለመድሁበት ቦታ ተነፈስሁ። ሰሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

አንድ። ድምፄን አወፈርሁ፣ ጫፉን ቆረጥሁ።

«ሁሉን ነገ ስትል የኖርኸው ወንድሜ፣»

«ወንድሜ» የምትለዋ ቃል እንደ ሌላ ሰው ሆና አልወጣ አለችኝ። ወንድሜ ነዋ፤ በማን አፍ ልበላት? ሰሚው ሁለተኛ ጠረገ።

ከፊት የተቀመጠችው ጎረቤቴ አለሚቱ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። ባሏ አልጋ ከያዘ ሁለት ወሩ ነው፣ ያድራል አያድርም ይባላል። ቀና ብላ አየችኝ። ዞር ብዬ ሌሎቹን አየሁ። ሁሉም ቤት የታመመ ወይም ያረጀ ሰው አለ፤ ሁሉም ሰው ሦስተኛዋን እየጠበቀ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም እዚያ ውስጥ። ክፉ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ቀጣዩ መስመር «ዛሬስ ምነው ቸኮልህ ሳልጠግብህ በዕድሜ» ነበር። አልወጣም።

ዜማውን ትቼ መናገር ጀመርሁ። ለመናገር ከልካይ የለም።

«ይበልጣል ሰነፍ ነበር» አልሁ። «ታውቁታላችሁ። አንተ ፈንታሁን፣ ወፍጮህን ከፍቶ ሰባት ዓመት አስቀመጠብህ። የአለሚቱን ፓምፕ ትቷት ሄዷል። የእኔንም ነገር ትቶት ሄዷል። ነገ ነገ ሲል…»

ሰሚው ዝም አለ። ሰዉም ዝም አለ። ያለ ዜማ የት ላይ ደረቱን እንደሚመታ፣ የት ላይ «ወይ ወይ» ብሎ እንደሚቀበል አያውቅም፤ ግራ ተጋብቶ አንገቱን ደፋ። «ሐዘኑ ናላዋን አዙሮት ነው» አለ አንዱ ለጎረቤቱ። ፈንታሁን መጥቶ ክንዴን ያዘ።

«ይብቃሽ እትዬ። አልቅሰሻል፣ ይብቃሽ» ብሎ አስቀመጠኝ። ከዚያ ለድምፅ ማጉያው እጁን አነሳ።

እታለም ጀመረች።

ታምራለች። ምን ብዬ ልካድ? እንደዚያ አለቅስ እንደነበር እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። ገና ቃል ሳታወጣ፣ በመጀመሪያዋ እንጉርጉሮ ብቻ፣ ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ታታሪው ይበልጣል ከሌሊት ተነስቶ፣
መች ይተኛ ነበር ለነገ አቆይቶ!»

ድንኳኑ አነባ። ደረት ተመታ፣ ፀጉር ተነጨ። ዙፋን መሬት ላይ ወደቀች። አባቷን እኔ ሰነፍ ስለው የሳቀችው ልጅ፣ አሁን ከሌሊት ተነስቶ ለማያውቀው ታታሪ አባቷ ጮኸች። አልፈረድሁባትም፤ የእኔም ዓይን ሞልቷል። ቃሉ ውሸት ነው፣ ድምፁ ግን ያስለቅሳል። እንዲያስለቅስ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ዘመድ መጥራት ጀመረች። አስከሬን ከመነሳቱ በፊት አልቃሽ የሟቹን የቅርብ ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራለች። የተጠራው ቆሞ ካልመለሰ ወደሚቀጥለው አታልፍም፣ አስከሬኑም አይነሳም። ልጁን ጠራች። ዙፋንን ደግፈው አቆሟት፣ መለሰች።

«እህቱ ማስተዋል፣ ወዴት ነሽ?»

በገዛ ድምፄ ጠራችኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አልተነሳሁም።

ጠበቀችኝ። ምን ያህል እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፣ ሦስት ትንፋሽ ነው። «እህቱ ማስተዋል፣ ወዴት ነሽ?» ይህችኛዋን ድምፅዋን ሰበር አድርጋ አለቻት። እንዲያ የሚደረገው ልቡ ለደነደነ ዘመድ ነው። ድሮ አንድ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው አልነሳም ብሎ ሲያስቸግረኝ ያወጣኋት ዘዴ ናት፤ ያ ሰውዬ አልቻላትም፣ ተነስቶ አለቀሰ። ቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች ትከሻቸውን አመቻችተው ቆመዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ይበልጣል በር ላይ ሆኖ እኔን ይጠብቃል። ፈንታሁን በዓይኑ ለመነኝ። አለሚቱ «ኧረ በማርያም» አለች።

እታለም ሦስተኛ ጠራችኝ።

ተነሳሁ። ነጠላዬን አደገደግሁ፣ ደረቴን መታሁና፣ ታላቅ ለጠራው ሰው በሚገባው ወግ፣ «አቤት» አልሁ።